በአስቂኝ የስፖርት አኒሜ ውስጥ ወጣ ያለ ጠባይ ያላቸው ገጸ ባሕርያት የሚማርኩን ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከዘግይቶ ጀማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የስፖርት አኒሜ ወዳጆች። ይህን ዓይነት አኒሜ፣ ማለትም ስለ ስፖርት የሚተርክ የጃፓን ካርቱን፣ መመልከት የጀመርኩት ከብዙዎቻችሁ ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ለስፖርት ፍቅር ስላልነበረኝ፣ አንድ ወዳጄ «ስላም ዳንክ»ን እንድመለከት ሲጎተጉተኝ ከመጀመሪያው ክፍል የማልፍ አልመሰለኝም ነበር። ይሁን እንጂ 101ዱንም ክፍል ጨረስኩት። እስከ መጨረሻው የወሰደኝም ቅርጫት ኳሱ አልነበረም። ስለ ጨዋታው አንዳች ሳያውቅ ራሱን «ሊቅ» እያለ የሚጠራው፣ በ50 ልጃገረዶች ተራ በተራ እንቢ የተባለው፣ ወደ ቡድኑ የገባውም አንዲት ልጅ ደስ እንዲላት ብቻ የሆነው ባለ ቀይ ጸጉሩ ሃናሚቺ ሳኩራጊ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ መረብ ኳስ የሚተርከውን «ሃይኪዩ»ን፣ ስለ አሜሪካ እግር ኳስ የሚተርከውን «አይሺልድ 21»ን፣ ስለ ቡጢ የሚተርከውን «ሃጂሜ ኖ ኢፖ»ን እና «የኩሮኮ ቅርጫት ኳስ»ን አከታትዬ ተመለከትኩ። በሁሉም ላይ የገጠመኝ ነገር አንድ ነው። ተከታታዩ ካለቀ ከወራት በኋላ በአእምሮዬ የሚቀሩት ግጥሚያውን ማን በስንት ነጥብ እንዳሸነፈ ሳይሆን፣ ነገረ ሥራቸው ከሌላው ሰው የተለየ ተጫዋቾች ናቸው፤ ጠመንጃ ይዞ ልምምድ የሚመራው፣ የዕለቱን የዕድል ዕቃ ሳይዝ ከቤት የማይወጣው፣ በጨዋታ መካከል ስሜቱ ወድቆ ኳስ አታቀብሉኝ የሚለው።

የሚከነክነኝ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ በእውነተኛው ሕይወት እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥ ይከብደኛል፤ ጉራና ጩኸት ቶሎ ይሰለቸኛል። ታዲያ እነዚህን እንዴት ወደድኳቸው? ሁለተኛው ደግሞ፣ ስማቸውን ልጠቅስ በማልፈልጋቸው ሌሎች ተከታታዮች ውስጥ ከእነዚህ ባልተናነሰ የሚጮኹ፣ ባልተናነሰ እንግዳ ልማድ ያላቸው ገጸ ባሕርያት አጋጥመውኝ በ3ኛው ክፍል ላይ አቋርጫቸዋለሁ። ወዳጆቼን ስጠይቅ «ስለሚያስቁ ነው» ይሉኛል። ይህ መልስ ግን አያረካኝም፤ ያቋረጥኳቸውም ሊያስቁኝ የተፈጠሩ ነበሩና። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ አስቦበት የሚያውቅ ካለ ሐሳቡን ቢያካፍለኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከሪባውንድ ወዳጅ

ስላም ይብዛልዎ። ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሳሰላስለው ስለኖርኩ ረዘም አድርጌ ብመልስ እንደማይሰለቹብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንደማምነው፣ እንግዳ ጠባይ በስፖርት ታሪክ ውስጥ የሚጣፍጠው ጨዋታው ስለሚፈትነው ነው። በሌላ ዓይነት ኮሜዲ ውስጥ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ቢዘባርቅ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ቀልዱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስፖርት ግን መስመር፣ ሰዓት፣ ዳኛና የነጥብ ሰሌዳ አለው። ጉረኛው ጉራውን ይዞ ወደ ሜዳ ሲገባ ሜዳው ለእርሱ ብሎ ሕጉን አይለውጥም፤ ስለዚህ ወይ ጠባዩ ይሰበራል፣ ወይ ደግሞ ጠባዩ ወደ ሙያ ይለወጣል። የምንስቀውም፣ እየሳቅን የምንጨነቀውም ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን ስለማናውቅ ነው።

ሳኩራጊን እንውሰድ። በቅርጫት ኳስ ሕግ 5 ጥፋት የፈጸመ ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። «ሊቁ» በአውራጃው ውድድር የመጀመሪያ ግጥሚያዎች ላይ በተከታታይ የሆነው ይኸው ነው፤ ፎክሮ ይገባል፣ 5 ጥፋት ሞልቶ ይወጣል። ደራሲው ታኬሂኮ ኢኖዌ ይህን የጻፈው ልጁን ለማዋረድ አይመስለኝም። ቅርጫት ኳስ የማያውቅ ጉልበተኛ ልጅ በእውነት ሜዳ ላይ ቢገባ የሚደርስበት ይኸው ስለሆነ ነው። ቀልዱ ከሕጉ የተወለደ ነው። ከዚያ አምበሉ አካጊ ከቅርጫቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ፣ ማለትም ሪባውንድን፣ እንዴት ቦታ ይዞ መንጠቅ እንደሚቻል ሲያስተምረው፣ ለጥፋት ይዳርገው የነበረው ያው ግትርነት፣ ያው ቦታ አልለቅም ባይነት፣ ያው ከመጠን ያለፈ ዝላይ የቡድኑ ምሰሶ ይሆናል። ጠባዩ ቅንጣት ሳይቀየር ጥቅም ላይ የሚውልበት ስፍራ ተገኘለት ማለት ነው። ይህን የመሰለ የገጸ ባሕርይ ዕድገት በሌላ ዘርፍ ውስጥ ብዙም አላየሁም።

ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። ሳኩራጊ ነጻ ውርወራ እንቢ ሲለው ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ከታች ወደ ላይ መወርወር ይጀምራል። ተመልካቹ ይስቃል፤ የልጅ አወራወር ነውና። ነገር ግን በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ውስጥ ሪክ ባሪ የተባለው ታላቅ ተጫዋች ነጻ ውርወራዎቹን በሙሉ በዚህ መንገድ ይወረውር ነበር፤ ከ100 ውርወራዎቹም ወደ 90 የሚጠጉትን ያገባ ነበር። ከታች የተወረወረ ኳስ ለስለስ ብሎ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ስለሚወርድ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ቢያርፍም ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ጥሩ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ይህን እያወቁም የማይሞክሩት መሳቂያ እንዳይሆኑ ስለሚፈሩ ነው። መሳቂያ መሆንን የማይፈራ ሰው ግን ሌላው የማይደፍረውን መንገድ ይወስዳል። እኔ ይህን ትዕይንት ካየሁ በኋላ ሳኩራጊን እንደ ቀልደኛ ብቻ መመልከት አልቻልኩም።

በ«ሃጂሜ ኖ ኢፖ» ውስጥ ያለው ቡጢኛ አኦኪም እንዲሁ ነው። ይህ ሰው በውድድር መካከል፣ በቡጢ ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ድንገት ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ነገር ያየ ይመስላል፤ ተጋጣሚው ሳያስበው ዓይኑን ወደዚያው ሲልክ አኦኪ ይመታዋል። ሞኝነት ይመስላል፣ ነገር ግን የሌላውን ሰው እይታ መከተል ሁላችንም ውስጥ ያለ፣ ልንቆጣጠረው የሚያስቸግረን ልማድ ነው። ስልቱ የቆመው ስለ ሰው በተነገረ እውነት ላይ ነው።

«ዮዋሙሺ ፔዳል»ን ካላዩ ደግሞ እንዲያዩት እመክራለሁ። ኦኖዳ የተባለው ልጅ አኒሜ ወዳጅ ነው፤ የአኒሜ ሱቆች ወደሚበዙበት የቶኪዮ ሰፈር ወደ አኪሃባራ ለመሄድ በከባድ የቤት ብስክሌት ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ይጋልባል፤ የባቡሩን ገንዘብ ለአሻንጉሊት ያስቀራልና። ሌሎቹ ብስክሌተኞች ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡት የልጁ ሞኝነት ገርሟቸው አይደለም። ያ ሁሉ ዓመት በዝቅተኛ ማርሽ ፔዳሉን እጅግ በፍጥነት እየረገጠ ዳገት የመውጣት ብቃት ሳያውቀው እንደገነባ ስለሚገባቸው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። አቋርጠዋቸው የተዉዋቸው ገጸ ባሕርያት ምናልባት ጠባያቸው ጨዋታውን የማይነካ ይሆናል። አንዱ ሁልጊዜ ይራባል፣ አንዱ ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ ሜዳ ሲገቡ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይጫወታሉ። እንዲህ ሲሆን ጠባዩ ከማልያው በላይ የተለጠፈ ምልክት ብቻ ይሆናል። ተለጣፊ ነገር ደግሞ ይሰለቻል።

መልስ፦ ከጃፓንኛ ተማሪ

ከላይ የተሰጠውን መልስ በአድናቆት አነበብኩት፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ወጣ ያለው ገጸ ባሕርይ ብቻውን አይቆምም የሚለውን ነው። ጃፓንኛ ስማር ከመምህሮቼ አንዷ ስለ «ማንዛይ» አስተማረችን። ማንዛይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው የሚያቀርቡት የቀልድ ንግግር ሲሆን፣ አንደኛው «ቦኬ» ይባላል፤ ነገር እያምታታ የሚዘባርቀው እርሱ ነው። ሁለተኛው «ጹኮሚ» ይባላል፤ ወዲያው ልክ ልኩን እየነገረ የሚያርመው ነው። ሳቁን የሚፈጥረው ቦኬው ቢመስልም፣ ጹኮሚው በትክክለኛው ቅጽበት ካልገባ ቀልዱ በአየር ላይ ይቀራል። የሚገርመው ነገር፣ በ1930ዎቹ የዛሬውን ዓይነት ማንዛይ ካስፋፉት መካከል የሚጠቀሱት ኤንታጹና አቻኮ በጣም የታወቁበት ትርኢት በዋሴዳና በኬዮ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ስለሚደረግ የቤዝቦል ግጥሚያ የሚያወራ ነበር። ስፖርትና ይህ የቀልድ ዓይነት እንግዲህ ከጥንት የሚተዋወቁ ናቸው ለማለት ያስደፍራል።

ይህን ይዘው ወደ «ሃይኪዩ» ቢመለሱ፣ ቦኩቶና አካአሺ ምን እንደሆኑ ወዲያው ይታይዎታል። ቦኩቶ በአገሪቱ ካሉት 5 ምርጥ የትምህርት ቤት አጥቂዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ምት ከተበላሸበት ትከሻው ይወድቃል፣ ኳስም አታቀብለኝ ይላል። ኳሱን ለምት የሚያዘጋጅለት አካአሺ በዕድሜ ከእርሱ ያነሰ ሆኖ ሳለ አይቆጣም፣ አይለምነውምም። እሺ ብሎ ለጊዜው ለሌሎቹ ያቀብላል፤ ቡድኑም ያለ እርሱ ጨዋታውን ይይዛል፤ ከዚያም ትክክለኛው ሰዓት ሲደርስ አንድ አመቺ ኳስ ይልክለታል። ቦኩቶ መትቶ ያገባና ዓለም የእርሱ ይሆናል። እዚህ ላይ አካአሺ የማንዛዩን ሁለተኛ ሰው ሥራ የሚሠራው በአንደበቱ ብቻ አይደለም፤ በኳስ አቀባበሉ ጭምር ነው። አንድ የስፖርት ሙያ፣ መቼ ለማን ማቀበል እንዳለበት ማወቅ፣ እንዲሁ የቀልድ ጊዜ አጠባበቅ ሆኖ ሳይ በጣም ተደስቼ ነበር።

ለምን እንወዳቸዋለን ለሚለው ጥያቄዎ የእኔ መልስ እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ውስጥ አስቸጋሪ ጠባይ ያለው ሰው የሚያስጨንቀን ሸክሙን ብቻችንን ስለምንሸከም ይመስለኛል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ግን ሸክሙን አንድ ቡድን ተከፋፍሎታል። በ«የኩሮኮ ቅርጫት ኳስ» ውስጥ ያለ ዕድል ዕቃው ከቤት የማይወጣው ሚዶሪማ የቡድን ጓደኛው ታካኦ አለው፤ በብስክሌት ጋሪ እየጎተተ ሲያጉረመርም፣ እኛ ልንለው የፈለግነውን ነገር ቀድሞ ይልልናል። ስለዚህ ለመቆጣት ምክንያት አይቀረንም፤ ለመውደድ ነጻ እንሆናለን።

ታሪኩንም በጥቂቱ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የጃፓን ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን እጅግ ከባድ በሆነ ልምምድ ተዘጋጅቶ ወርቅ ካሸነፈ በኋላ፣ በማንጋውም (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት) በቴሌቪዥኑም «ስፖኮን» የተባለ፣ ስፖርትንና ጽናትን ያጣመረ ዘርፍ ነገሠ። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ቴሌቪዥን የመጣው «ኪዮጂን ኖ ሆሺ» የዚህ አውራ ነው፤ አባት ልጁን ገና በሕፃንነቱ በጠንካራ ስፕሪንግ የተሠራ ማሰልጠኛ አልብሶ ያሳድገዋል። እንባ፣ ላብና ጥርስ ማፋጨት ነበር። በዚያ ሁሉ ክብደት መካከል እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው የሺንጂ ሚዙሺማ የቤዝቦል ማንጋ «ዶካቤን» ኢዋኪ የተባለ ተጫዋች አመጣ፤ ሁልጊዜ ቅጠል በአፉ የያዘ፣ ለመምታት የተመቸውን ኳስ ስቶ ማንም የማይመታውን የተበላሸ ኳስ የሚመታ ሰው። ሳኩራጊም ሆነ ቦኩቶ የመጡበት መንገድ ከዚያ ዘመን አንሥቶ እየተጠረገ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጠያቂው ምላሽ፦ ከዘግይቶ ጀማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነጻ ውርወራውን ትዕይንት እንደ ተራ ቀልድ አልፌው ስለነበር ትናንት ተመልሼ አየሁት፤ አሁን ፈጽሞ ሌላ ሆነብኝ። ሆኖም አንድ ነገር አሁንም አልተመለሰልኝም። የሚማርከን ጠባዩ ለጨዋታው ስለሚጠቅም ከሆነ፣ ሚዶሪማ ይዞት የሚዞረው የዕድል ዕቃ ለቅርጫት ኳሱ ምን ይጠቅማል? አሻንጉሊት ይዞ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ኳስ አያስገባም። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እርሱን ነው።

መልስ፦ ከጸጥተኛዋ ተመልካች

ይህን ጥያቄ ስላነሡ ደስ ብሎኛል፤ ከላይ በተሰጠው የመጀመሪያ መልስ የማልስማማበት ነጥብ ይህ ነውና። እንግዳ ጠባይ የሚወደደው መሣሪያ ሲሆን ብቻ ነው ማለት ሰውን በጥቅሙ መመዘን ይመስለኛል። እስቲ ሚዶሪማን በደንብ እንመልከተው። ይህ ልጅ ኳሱን ከሜዳው ከየትኛውም ስፍራ ወርውሮ የሚያስገባ ነው፤ ከራሱ ቅርጫት ሥር ሆኖም ጭምር። እዚያ የደረሰው ደግሞ በልምምድ ብዛት ነው። ጥፍሩን ይንከባከባል፣ የሚወረውርበትን እጁን ጣቶች በፕላስተር ይጠቀልላል። እምነቱ ሰው ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ካደረገ በኋላ ውጤቱን ለዕድል ይተዋል የሚል ነው፤ ስለዚህ የኮከብ ቆጠራው ያዘዘውን ዕቃ መያዝም ለእርሱ «ማድረግ ከሚቻለው ሁሉ» አንዱ ነው። በመታገያው ስፍራ አንዲት ቀዳዳ እንኳ ክፍት መተው የማይችል ሰው ነው። ዕቃው ኳስ አያስገባም፤ ነገር ግን ምን ያህል ማሸነፍ እንደሚፈልግ፣ ምን ያህልም መሸነፍን እንደሚፈራ ይነግረናል። እኔ በዚያ አሻንጉሊት ውስጥ ጭንቀቱን አያለሁ።

ሂሩማም እንዲሁ ነው። በ«አይሺልድ 21» ውስጥ ጠመንጃ ይተኩሳል፣ የሰውን ምስጢር በያዘ ማስታወሻ ደብተር እያስፈራራ ተጫዋች ይሰበስባል፤ ሁሉም ሰይጣን ነው ይሉታል። ነገር ግን በአሜሪካ እግር ኳስ እንደ ቡድን ጓደኞቹ፣ እንደ ሴና ፈጣን እግር፣ እንደ ኩሪታም ጉልበት የለውም። ሴና 40 ያርድ በ4.2 ሴኮንድ ይሮጣል፤ ሂሩማ ያለው ስሌት፣ ልምምድና ድፍረት ብቻ ነው። ጩኸቱ በሙሉ ተጋጣሚው የሌለውን ነገር እንዳለው አድርጎ እንዲያምን የተዘጋጀ ነው። ሃኩሹ ከተባለው ቡድን ጋር በተደረገው ግጥሚያ ክንዱ ተሰብሮ ወደ ሜዳ ሲመለስ፣ ያ ሁሉ ፌዝ ከምን እንደተሠራ ድንገት ይታየናል። ከዚያ በፊት በሂሩማ ብዙ ስቄ ነበር፤ በዚያ ትዕይንት ላይ ግን አለቀስኩ።

ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ግን አሁንም የ«ሃጂሜ ኖ ኢፖ» ሰው ነው፤ የአኦኪ ጓደኛ ኪሙራ። በተከታታዩ ውስጥ እርሱና አኦኪ ለሳቅ የተፈጠሩ የሚመስሉ ናቸው። ማሺባ ከተባለው አስፈሪ ሻምፒዮን ጋር ለመግጠም ዕድል ሲያገኝ በችሎታ እንደማይደርስበት ራሱ ያውቃል፤ መንገድ አጥቶ ተጨንቆ ሳለ በቤቱ ያለው ዓሣ በገንዳው ውስጥ ምግቡን ከሥር ተወርውሮ ሲይዝ ያይና ከዚያ አንድ አዲስ ምት ይፈጥራል። ዓሣ አይቶ ቡጢ መማር በማንኛውም መለኪያ አስቂኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ግጥሚያ ለብቻው በልዩ ዝግጅት ሲቀርብ ግን በቁም ነገር ነው የተያዘው። ኪሙራ ያ ሁሉ ልፋት ተለፍቶበት፣ ምቱም ደርሶለት፣ በመጨረሻ ይሸነፋል። ሜዳው ጠባዩን ፈተነው፣ አላሸነፈምም፤ ታዲያ እኔ ለምን ከሻምፒዮኖቹ ይልቅ እርሱን አስታውሳለሁ? ስንስቅበት የኖርነው ሰው ሕልሙ ከእኛ ሳቅ የበለጠ ጥልቅ እንደነበረ በዚያች ሌሊት ስለተገለጠልኝ ነው።

ስለዚህ ለእኔ ልዩነቱ ጠባዩ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው አይደለም። ልዩነቱ ደራሲው ከጠባዩ ጀርባ ያለውን ፍላጎት ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም የሚለው ነው። ያልታወቀ ከሆነ ጩኸት ብቻ ይቀራል፤ እርስዎም በ3ኛው ክፍል አቋርጠው ይወጣሉ።

መልስ፦ ከሁለት ደቂቃ

አጭር ተቃውሞ አለኝ። «ቴኪዩ» የተባለ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረ የቴኒስ አኒሜ አለ፤ አንዱ ክፍል 2 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቴኒስ ክበብ አባላት የሆኑ ልጃገረዶች ቴኒስ የሚጫወቱበት ጊዜ ከመጥፋቱ የተነሣ ስፖርቱን መርሳት ይቻላል። ሕግ አይፈትናቸውም፣ ከጠባያቸው ጀርባ የተደበቀ ሕመምም የለም። ሆኖም በጣም እወደዋለሁ። የሚያስደስተው ፍጥነቱ ነው፤ ቀልዱ ከመሰልቸቱ በፊት ሌላ ቀልድ ይተካዋል፣ ለመሰልቸት የሚበቃ ጊዜም አይሰጥም። ምናልባት ጠያቂው አቋርጠው የተዉዋቸው ገጸ ባሕርያት ችግራቸው የ2 ደቂቃ ቀልድ ይዘው 24 ደቂቃ እንዲቆሙ መደረጋቸው ሊሆን ይችላል።

ሌላ ምሳሌም ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ኬፔኪ ዳንሺ አዎያማ ኩን» ስለ አንድ ንጽሕና ወዳድ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ቆሻሻ ስለሚጸየፍ ቴስታ አይመታም፣ ሰው እንዲነካውም አይፈልግም፤ ስለዚህ ማንም ሳይነካው የሚያልፍበትን አብዶ ተክኗል። ይህ የመጀመሪያውን መላሽ ሐሳብ ይደግፋል። ነገር ግን ታሪኩ ልጁን ለማስተካከል አለመቸኮሉን ልብ በሉልኝ። ቡድኑ ከነጠባዩ ይቀበለዋል፣ እየተጠነቀቀለትም ይጫወታል። ያስደሰተኝ እርሱ ነው።

መልስ፦ ከሪባውንድ ወዳጅ

ጸጥተኛዋ ተመልካች ስለ ኪሙራ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ትክክል ናቸው፤ እኔ ሐሳቤን ጠበብ አድርጌ ነበር ያቀረብኩት። ሜዳው ጠባዩን ይፈትናል ስል በአእምሮዬ የነበሩት የተሳካላቸው ብቻ ነበሩ። ፈተና ከሆነ ግን የወደቀበትም ሰው ተፈትኗልና መቁጠር ይገባኝ ነበር። ስለ «ቴኪዩ» የተባለውንም እቀበላለሁ፤ እርሱ በስፖርት ልብስ የቀረበ ሌላ ዓይነት ኮሜዲ ስለሆነ በእኔ መለኪያ መመዘን የለበትም።

ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የ«ስላም ዳንክ» 101 ክፍሎች የሚያልቁት ቡድኑ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ከመግባቱ በፊት ስለሆነ፣ ሳንኖ ከተባለው ሻምፒዮን ጋር የተደረገውን ግጥሚያ አላዩትም ማለት ነው። ኢኖዌ ራሱ የመራው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፊልም ይህን ግጥሚያ ያሳያል፤ ታሪኩ የሚነገረው በሌላው ተጫዋች፣ በሪዮታ ሚያጊ በኩል ቢሆንም። ማንም ያሸንፋሉ ብሎ ባልጠበቀበት ሰዓት ሳኩራጊ በነጥብ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሳንኖን እንደሚያሸንፍ ለአዳራሹ ሁሉ ይናገራል፤ እርስዎ የሚያውቁት ያው ጉረኛ ነው። የግጥሚያውን ውጤት አልነግርዎትም። ይህን ብቻ ግን ሲያዩ ልብ ይበሉ፦ ማንጋውም ሆነ ፊልሙ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ላይ ድምፅ ያጠፋሉ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አፉ ተዘግቶ የማያውቀው ልጅ ዝም ብሎ ቦታውን ይዞ፣ ከአሰልጣኙ ከአንዛይ ጋር 20,000 ጊዜ የተለማመደውን ያን ቀላል ውርወራ ለመወርወር እጆቹን አዘጋጅቶ ኳሱን ይጠብቃል።

የጠያቂው ምላሽ፦ ከዘግይቶ ጀማሪ

ፊልሙ እንዳለ አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ እመለከተዋለሁ፤ ከዚያም የኪሙራን ግጥሚያ ደግሜ አያለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ዓሣው ላይ ስስቅ ብዙ ነገር እንዳመለጠኝ አሁን ገባኝ።